«ጨጓራ» የአካል ክፍል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮሪደሮችና የሻይ ክበቦች ውስጥ ከሚሰሙ የሕመም ስሞታዎች መካከል «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚለውን ያህል የተለመደ ያለ አይመስልም። ቃሩ፣ የሆድ መነፋቱ፣ ቁርጠቱ፣ አንዳንዴም የጀርባና የደረት ሕመሙ ሳይቀር በዚሁ አንድ ስም ይጠቃለላል። መፍትሔ ተብሎ የሚወሰደውም ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒት መደብር የሚገዛ የአሲድ ማስታገሻ፣ ከሥራ ባልደረባ የሚገኝ እንክብል ወይም ቤት ውስጥ የተበጠበጠ ተልባ ነው።

ይሁንና ጨጓራ ከአፍ ተነሥቶ እስከ ፊንጢጣ የሚዘልቀው የምግብ መፍጫ ሥርዓት አንድ ክፍል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚገኙት ሌሎች አካላትም በየራሳቸው ምክንያት ይታመማሉ፤ የአንዱ ሕመም በሌላው ስም በተጠራ ቁጥር ደግሞ ትክክለኛው ሕክምና ይዘገያል።

የሕክምና ተማሪዎች ለፈተና ሲዘጋጁ ይህን ሥርዓት የሚከልሱት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል በማንሣት ነው። አካሉ የት ይገኛል? በጤናው ጊዜ ምን ይሠራል? ሥራው ሲታወክስ ምን ምልክት ያሳያል? ሦስቱን ጥያቄዎች አያይዞ የመለሰ ተማሪ የበሽታዎችን ዝርዝር በቃሉ ከሸመደደው ይልቅ የተሻለ ውጤት ያገኛል። ይህ የአከላለስ ዘዴ ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የራሱንና የቤተሰቡን ጤና ለመጠበቅ ለሚሻ ማንኛውም ሰው የሚጠቅም ነው።

በዩኒቨርሲቲዎችም ሆነ የጤና ሚኒስቴር ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና የሚቀርቡ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሕመምተኛን ሁኔታ መነሻ ያደርጋሉ። ለአብነት ያህል የሚከተለውን ዓይነት ጥያቄ መውሰድ ይቻላል። አንድ የ52 ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ለሦስት ዓመታት «የጨጓራ ሕመም አለብኝ» ሲሉ ቆይተዋል። ለጀርባ ሕመማቸው ዲክሎፌናክ የተባለውን መድኃኒት አዘውትረው ይወስዳሉ። ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ከመቀመጫቸው ሲነሡም ያዞራቸዋል። በቅድሚያ ሊደረግላቸው የሚገባው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የምግብን ጉዞ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ከአፍ እስከ ጨጓራ

የአንድ አዋቂ ሰው የምግብ መተላለፊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከ8 እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። ጉዞው የሚጀምርበት አፍ በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር የሚደርስ ምራቅ ይፈስስበታል። በምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህል ምግቦችን መፍጨት የሚጀምረው እዚሁ ነው። ዳቦ ለረዥም ጊዜ ሲታኘክ ጣፋጭ ጣዕም የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተዋጠው ምግብ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የምግብ ቧንቧ አማካይነት ወደ ጨጓራ ይወርዳል። የቧንቧው ጡንቻዎች በየተራ እየተኮማተሩ ምግቡን ወደታች የሚገፉት ሲሆን፣ በታችኛው ጫፍ ያለው የጡንቻ ቀለበት ደግሞ የጨጓራው አሲድ ወደላይ እንዳይመለስ እንደ በር ያገለግላል። ይህ በር ሲላላ በተለምዶ «ቃር» የሚባለው የማቃጠል ስሜት ይፈጠራል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እርግዝና፣ ሲጋራ ማጨስና ጠግቦ ወዲያው መተኛት ለዚህ ያጋልጣሉ። በመሆኑም ብዙዎች «ጨጓራ» የሚሉት ቃር መነሻው የቧንቧው በር መላላት ነው። እራትን ከመኝታ ሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መመገብና የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግ ሕመሙን በእጅጉ እንደሚያቃልል ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

ከዚህ አካል ጋር በተያያዘ ተማሪዎች በጥንቃቄ እንዲለዩት የሚፈለገው ምልክት ምግብ ለመዋጥ መቸገር ነው። ችግሩ በጠጣር ምግብ ጀምሮ ውሎ አድሮ ወደ ፈሳሽ የሚሸጋገር ከሆነ ቧንቧው በአንዳች ነገር እየጠበበ መምጣቱን ያመለክታል፤ ካንሰርም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ጠጣሩም ፈሳሹም ከመጀመሪያው እኩል የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የጡንቻዎቹ እንቅስቃሴ መታወክ ይጠረጠራል።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ከፈተናም ያለፈ ትርጉም አለው። በአርሲና በባሌ አካባቢዎች የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ አካባቢው በሽታው በስፋት ከሚገኝበት የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና ውስጥ ይመደባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆኑ በጣም ትኩስ መጠጦችን ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች ጎራ መድቧቸዋል። ሻይም ሆነ ገንፎ ከእሳት እንደወረደ ከመዋጥ ይልቅ በረድ አድርጎ መውሰድ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንጀራ መዋጥ ያስቸገረው ሰው ደግሞ ጨጓራዬ ነው ብሎ ማስታገሻ እየወሰደ ሊሰነብት አይገባም።

አሲዱና ጋሻው

ጨጓራ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ምግብና መጠጥ የሚይዝ የጡንቻ ከረጢት ነው። በቀን 2 ሊትር ገደማ የሚሆን፣ ከፍተኛ አሲድ ያለው ፈሳሽ ያመነጫል። የምግብ መፍጨት በአብዛኛው ኬሚካላዊ ሂደት መሆኑ በተጨባጭ የታወቀው አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊሊያም ቦሞንት ባደረገው ምርምር ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ በ1822 ሆዱን በጥይት የተመታውን አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ያከመ ሲሆን፣ ቁስሉ ቀዳዳ ትቶ በመዳኑ ምግብ በክር አስሮ ወደ ጨጓራው በማስገባትና መልሶ በማውጣት የሚደርስበትን ለውጥ ለዓመታት ተከታትሏል። የደረሰበትንም ውጤት እ.ኤ.አ በ1833 በመጽሐፍ አሳትሟል።

ሥጋን የሚያሟሟው ይህ አሲድ ጨጓራውን ራሱን የማይበላው ግድግዳው በዝልግልግ ሽፋንና አሲድን በሚያረክስ ንጥረ ነገር የተጠበቀ ስለሆነ ነው። የጨጓራም ሆነ የትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል የሆነው የዱዮዲነም ቁስለት የሚፈጠረው በአሲዱና በዚህ ጋሻ መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ነው።

ሚዛኑን የሚያዛባው ጭንቀትና ቅመም የበዛበት ምግብ ነው የሚለው እምነት ለረዥም ዘመን በሐኪሞችም ዘንድ ተቀባይነት ነበረው። ይህን አስተሳሰብ የለወጡት በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ሁለቱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ1982 ከሕመምተኞች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ በመባል የሚታወቀውን ባክቴሪያ ለማሳደግ በቁ። ብዙዎች ግኝቱን ባለመቀበላቸው ማርሻል እ.ኤ.አ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት እንደያዘው አሳየ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2005 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ባክቴሪያው በዓለም ግማሽ ያህል በሚሆነው ሕዝብ ጨጓራ ውስጥ እንደሚገኝ የሚገመት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ሥርጭቱ ሰፊ ነው። አብዛኛዎቹ ተሸካሚዎች ቁስለት አይዛቸውም፤ ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ከቁስለት ባሻገር ለጨጓራ ካንሰርም መንሥኤ በመሆኑ እ.ኤ.አ በ1994 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል።

ሁለተኛው ዋነኛ የቁስለት መንሥኤ ደግሞ ለራስ ምታት፣ ለጀርባና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቶቹ ሕመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ሲሆን፣ ይኸው ንጥረ ነገር የጨጓራውን ጋሻ የሚያጠናክር በመሆኑ መቀነሱ ግድግዳውን ለአሲዱ ያጋልጠዋል። በመርፌ መወሰዳቸውም ከዚህ ጉዳት አያድንም።

በአንጻሩ በርበሬ፣ ቡናና የጾም ወቅት የሆድ ባዶነት ያለውን ሕመም ሊያባብሱት ቢችሉም በራሳቸው ቁስለት አያስከትሉም። በርበሬ ማቆም ብቻውን ባክቴሪያውን ከጨጓራ አያስወግድም።

በምርመራ ረገድም መታወቅ ያለበት ነጥብ አለ። በደም የሚደረገው የባክቴሪያው ምርመራ ቀድሞ የነበረንና አሁን ያለን ልክፍት አይለይም፤ ይህን የሚለዩት የሰገራና የትንፋሽ ምርመራዎች ናቸው። እነዚህም ትክክለኛ ውጤት እንዲሰጡ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ አሲድ ቀናሾችን ለሁለት ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ደግሞ ለአራት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል፤ አሲድ ቀናሹን ማቆም የሚቻለው ግን ከሐኪም ጋር በመመካከር ነው። ሕክምናው አሲድ ቀናሽና ከአንድ በላይ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በአንድነት ለ14 ቀናት ያህል መውሰድን ይጠይቃል። ሕመሙ በአምስተኛው ቀን ስለተሻለ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ከማድረግ በስተቀር ፋይዳ የለውም።

ጉበት፣ ሐሞትና ቆሽት

ምግቡ ከጨጓራ ወደ ዱዮዲነም ሲገባ ከጉበት የመነጨው ሐሞትና ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ ይቀላቀሉበታል። ሐሞት ስብን ይበትናል፤ የቆሽት ኢንዛይሞች ደግሞ ስቡን፣ ፕሮቲኑንና የእህሉን ምግብ ያደቅቃሉ። ሁለቱ ፈሳሾች ወደ አንጀት የሚገቡበት በር አንድ መሆኑ ለፈተና ጥያቄዎች ሰፊ በር ከፍቷል፤ አንዲት ጠጠር በዚያ ጠባብ መውጫ ላይ ብትሰነቀር ጉበትንም ቆሽትንም ልታውክ ትችላለችና።

የሐሞት ጠጠር ሕመም ብዙውን ጊዜ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ይጀምርና ወደ ቀኝ ትከሻ ይሰማል። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና የሰገራ መንጣት ከታከለበት የሐሞቱ መውረጃ መዘጋቱን ያሳያል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጨመርበት ደግሞ አስቸኳይ ሕክምና የሚያሻው ኢንፌክሽን ነው። ወስፋት ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሐሞት ቧንቧ በመግባት ተመሳሳይ ችግር ሊያስከትል እንደሚችልም ተማሪዎች እንዲያስታውሱ ይደረጋል።

የቆሽት ብግነት ሕመም ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ ዘልቆ የሚወጋ፣ ወደፊት ሲጎነበሱ በመጠኑ የሚታገሥ ከባድ ሕመም ነው። ዋነኞቹ መንሥኤዎቹ የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሕመሞች የሚሰሙት በጨጓራው አካባቢ በመሆኑ ከጨጓራ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታሉ።

በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የሚባለው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። የቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚፈጠረውን ቢጫ ንጥረ ነገር ጉበት አጣርቶ ወደ ሐሞት ማስወገድ ሲሳነው ይከሰታል። ከመንሥኤዎቹ አንዱ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ጉበትን ለጠባሳና ለካንሰር ሊያደርስ ይችላል። ክትባቱ በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ነው። ስለሆነም ከዚያ በፊት የተወለደው የዛሬው ሠራተኛ በአብዛኛው በሕፃንነቱ አልተከተበም፤ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ክትባቱን መውሰድ ይችላል።

የትንሹ አንጀት የውኃ ሒሳብ

ትንሹ አንጀት የምግብ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም የሚገቡበት ዋነኛ ሥፍራ ነው። ተማሪዎች ሊረሱት የማይገባ አንድ ቀላል ሒሳብ በዚህ አካል ላይ ይሠራል። አንድ ሰው በቀን በምግብና በመጠጥ ከሚያገኘው 2 ሊትር ገደማ ፈሳሽ በተጨማሪ ምራቁ፣ የጨጓራው ፈሳሽ፣ ሐሞቱ፣ የቆሽቱና የአንጀቱ ፈሳሾች ተደምረው 7 ሊትር ያህል ይሆናሉ። በድምሩ ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ አንጀት ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛውን ትንሹ አንጀት፣ የቀረውን ደግሞ ትልቁ አንጀት መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ብቻ ነው።

ከዚህ ሒሳብ መረዳት የሚቻለው አንጀት ፈሳሽ የመምጠጥ ሥራውን ለጥቂት ሰዓታት ቢያስተጓጉል ሰውነት በፍጥነት እንደሚደርቅ ነው። ኮሌራ የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። የባክቴሪያው መርዝ አንጀት ፈሳሽ እንዲያፈስስ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን ጨውና ግሉኮስን ጎን ለጎን የሚያስገባውን የአንጀት በር አያበላሽም። ይህ በር መኖሩን ሮበርት ክሬን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ1960 ያመለከተ ሲሆን፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) በመባል የሚታወቀው የጨውና የስኳር ድብልቅ የተመሠረተው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው።

የድብልቁ ጥቅም በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ነበር። ወደ ሕንድ በተሰደዱ ሰዎች መካከል ኮሌራ ሲዛመትና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ድብልቁን በአፍ እንዲወስዱ አደረጉ። በመጠለያው 30 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የሟቾች መጠን ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ዛሬም አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ሲሆን፣ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት ዚንክ አብሮ እንዲሰጥ ይመከራል። በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የሮታ ቫይረስ ክትባትም በሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለውን ዋነኛ ተሐዋሲ ለመከላከል የተዘረጋ ነው።

የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድም የሚጀምረው ከዚሁ አካል ነው። ባክቴሪያው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ክምችቶች በኩል ወደ ደም ይገባል። ሳይታከም ከሰነበተም በተለይ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አንጀቱን ሊያደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ዊዳል በተባለው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ይህ ምርመራ ጥንት በነበረ ልክፍትም ሆነ በሌላ በሽታ ምክንያት አዎንታዊ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ጊዜ ውጤቱ ላይ ብቻ መተማመን እንደማይገባ፣ አስተማማኙ ባክቴሪያውን ከደም የማሳደግ ምርመራ መሆኑን የሕክምና መጻሕፍት ያስተምራሉ።

በዚህ አካል ከሚኖሩ ጥገኛ ትሎች መካከል በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የኮሶ ትል ነው። በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ የሚገኘው ይህ ትል ብዙ ሜትሮች ሊረዝም ይችላል። ስሙን ያገኘበት የኮሶ ዛፍ አበባ ለዘመናት መድኃኒቱ ሆኖ ቆይቷል፤ በአሁኑ ጊዜ ግን መጠናቸው ተለክቶ የሚሰጡ እንደ ፕራዚኳንቴል ያሉ መድኃኒቶች ይገኛሉ። ሥጋን አብስሎ መመገብ ከሁሉም የሚቀድም መከላከያ ነው።

ትልቁ አንጀትና አስቸኳይ ሕመሞች

1.5 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ትልቁ አንጀት የቀረውን ውኃ መጥጦ ሰገራን ያዘጋጃል። በመነሻው ላይ የተንጠለጠለው ትርፍ አንጀት ሲታመም ሕመሙ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ ተሰምቶ ከሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው የቀኝ ሆድ ይዞራል። ይህ የሕመም መዘዋወር፣ ከምግብ ፍላጎት ማጣትና ከማቅለሽለሽ ጋር ሲደመር፣ ከማንኛውም ማስታገሻ አስቀድሞ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ሌላው አስቸኳይ ሕመም የትልቁ አንጀት መታጠፍ ነው። በሆድ ግራ በኩል ያለው የአንጀት ክፍል ረዥም ሲሆን በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል፤ አሰር በብዛት በሚመገቡ ማኅበረሰቦች ዘንድ በተደጋጋሚ ይታያል። የሆድ በፍጥነት መነፋት፣ ሰገራና አየር ፈጽሞ አለመውጣት ምልክቶቹ ናቸው። የደም ሥሩ አብሮ ስለሚታነቅ የጥቂት ሰዓታት መዘግየት አንጀቱን ሊያሞተው ይችላል። ሕመምተኛውን በወጌሻ ማሳሸት ከጉዳት በስተቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

«ጨጓራ» የላይኛውን ሆድ ሕመም ሁሉ እንደሚጠቀልል ሁሉ «ኪንታሮት» የሚለው ስምም ከፊንጢጣ የሚታይን ደም ሁሉ ይሸፍናል። እርግጥ ነው፣ ሰገራ ላይ የሚታይ ደማቅ ቀይ ደም ብዙ ጊዜ ከኪንታሮት ይመጣል። የሰገራ አወጣጥ ልማድ መለወጥ፣ የክብደት መቀነስና የደም ማነስ ከታከሉበት ግን የትልቁ አንጀት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በመሣሪያ መመርመር ያስፈልጋል።

የደም ሥር መንገድና የእንዶድ ነገር

ከአንጀት የሚነሣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ አስቀድሞ በአንድ ትልቅ የደም ሥር አማካይነት ወደ ጉበት ገብቶ ይጣራል። ይህ መንገድ ሲዘጋ ደሙ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ያብጣሉ። እነዚህ ሲፈነዱ ሕመምተኛው ደም ያስታውካል።

ከመንሥኤዎቹ መካከል ቢልሃርዝያ አንዱ ነው። ትሉ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ኖሮ እንቁላል ሲጥል እንቁላሎቹ ጉበት ውስጥ ተሰንቅረው ጠባሳ ይፈጥራሉ። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ውስጥ በመግባት ሲሆን፣ ጣናን ጨምሮ በተለያዩ የኢትዮጵያ የውኃ አካላት አካባቢ ይገኛል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን መነሻ አድርገው ተክሉ የበሽታውን አስተላላፊ ሊያጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል። በዚሁ ሥራቸውም እ.ኤ.አ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ወደ ጥያቄው መልስ

ከላይ የቀረበው መንገድ የ52 ዓመቱን ሠራተኛ ጉዳይ ግልጽ ያደርገዋል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚጣበቅና የሚከረፋ ሰገራ ከላይኛው የምግብ መተላለፊያ የፈሰሰና በጉዞው የተለወጠ ደም ነው። ዲክሎፌናኩ ጋሻውን አሳስቶታል፤ ባክቴሪያውም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ቁስለቱ በዱዮዲነም የኋላ ግድግዳ ላይ ከሆነ ከኋላው የሚያልፈውን ትልቅ የደም ቧንቧ ሊበላው ይችላል። በፊተኛው ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ግድግዳውን በስቶ ድንገተኛ ከባድ ሕመምና እንደ ጣውላ የጠጠረ ሆድ ባስከተለ ነበር። ሲነሡ ማዞሩም የፈሰሰው ደም ብዙ መሆኑን ይናገራል።

በርካታ ተማሪዎች «ኢንዶስኮፒ» የሚለውን መልስ ቀድመው ይመርጣሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን አተነፋፈስንና የደም ግፊትን ማረጋገጥ፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠትና የሚሰጥ ደም ማዘጋጀት ነው። አሲድ ቀናሹ መድኃኒት በደም ሥር ከዚያ ይከተላል፤ ኢንዶስኮፒውም ሁኔታቸው ከተረጋጋ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል። ዲክሎፌናኩ ይቆማል፤ የባክቴሪያው ምርመራም ይካሄዳል። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራም ሊጠቁር እንደሚችል መጠየቅ አይዘነጋም።

ለቢሮ ባልደረቦች የሚሆነው መልስ ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ማስታገሻ ሳይሰጡ፣ ምግብም ሳያቀምሱ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ማድረስ ነው። ምግብ መዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስታወክ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የደም ማነስና የዓይን ቢጫ መሆንም ያለ ምርመራ በማስታገሻ የሚታለፉ አይደሉም። በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነና ሕመሙ አዲስ የጀመራቸው ሰዎች ሊዘናጉ አይገባም። ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከደረት መጨነቅ ጋር የሚመጣ የላይኛው ሆድ ሕመም የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

የሥራ ኃላፊዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። በመሥሪያ ቤቶች የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና እንዲሁም ንጹሕ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ማድረግ፣ የሠራተኞች ክበቦችን የምግብ አያያዝ መቆጣጠር፣ ምልክት ለታየበት ሠራተኛም የምርመራ ጊዜ ሳያጓትቱ መፍቀድ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ሠራተኛውም በበኩሉ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ በሽታውን ራሱ ሰይሞ ከመጀመር ይልቅ ሕመሙ የት ቦታ እንደሚሰማው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ከምግብ ጋር ያለውን ግንኙነትና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ቢናገር የሐኪሙን ሥራ ያቀልላል፤ የራሱንም ሕይወት ሊታደግ ይችላል።